«ይህ ዋሻ ሺህ ሰው ይይዛል» የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

ጥያቄው፦ «በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በየገጠሩ ያሉ ዋሻዎች ለኒውክሌር ጦርነት መጠለያነት ተመዝግበው፣ ይህኛው ይህን ያህል መቶ፣ ያኛው ይህን ያህል ሺህ ሰው ይይዛል ተብሎ እንደነበር አነበብኩ። ቁጥሩን በምን ለክተው አመጡት? እውነት ያን ያህል ሰው ሊኖርበት ይችል ነበር? እኔስ አንድን ዋሻ አይቼ ለሰው ይሆናል ወይም አይሆንም ለማለት ከምን ልጀምር?»

መልሴ፦ ቁጥሩ የወለሉ ስፋት ለአንድ ሰው በተመደበው ቦታ ሲካፈል የተገኘ ነው። ማካፈሉ ላይ ስህተት የለም። ችግሩ «ስንት ሰው?» የሚለው ብቻ መጠየቁ ነው። «ስንት ቀን?» የሚለው አስቀድሞ ለሁሉም መጠለያ ሁለት ሳምንት ተብሎ ተቆርጧል፤ ዋሻው ግን ሁለት ሳምንት ይችል እንደሆነ የጠየቀው የለም። ዋሻ በመለካት ብዙ ዓመት ስላሳለፍኩ መልሴ ረዘም ይላል፤ ይታገሱኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ፖለቲካ ነው። በሐምሌ 1961 በበርሊን ጉዳይ ውጥረቱ ሲያይል ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለሕዝቡ ባደረጉት ንግግር ለሲቪል መከላከያ 207 ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ። ከገንዘቡ ዓላማ ዋነኛው አዲስ መጠለያ መገንባት ሳይሆን ያለውን ፈልጎ ምልክት ማድረግ ነበር። በዚሁ ዓመት ብሔራዊ የመጠለያ ቅኝት ተጀመረ። የሠራዊቱ የምህንድስና ክፍልና የባሕር ኃይሉ የግንባታ ቢሮ ሥራውን መሩት፤ ሥልጠና የወሰዱ አርክቴክቶችና መሐንዲሶች በኮንትራት ተሰማሩ። ከሕንፃ ምድር ቤቶች ጋር ዋሻዎች፣ የማዕድን ጉድጓዶችና ዋሻ መንገዶችም ወደ መዝገቡ ገቡ። ጥቁር ክብ ውስጥ ሦስት ቢጫ ባለሦስት ማዕዘን ቅርጾች ያሉት የመጠለያ ምልክት የዚያ ዘመን ነው።

አንድ ነገር ላይ አለመግባባት እንዳይኖር፦ መጠለያው ከቦምቡ ፍንዳታ ሊያድን የታሰበ አልነበረም። የታሰበው ከፍንዳታው በኋላ ከሰማይ ከሚወርደው ራዲዮአክቲቭ ብናኝ ለማዳን ነው። ብናኙ መሬትና ጣሪያ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ የሚወጣው ጋማ ጨረር ደግሞ ክብደት ባለው ነገር እንጂ በሌላ አይገታም። መመዘኛው በኋላ የረጋው «ውስጥ ያለው ጨረር ከውጪው 40 ጊዜ ያነሰ ይሁን» በሚለው ላይ ነው። አንድ ሜትር ያህል አፈር ብቻውን ከዚህ እጅግ የላቀ መከላከያ ይሰጣል። እንግዲህ በላዩ አሥር ሜትር አለት የተሸከመ ዋሻ በዚህ ፈተና መውደቅ እንዴት ይችላል? አይወድቅም። ጨረር ደግሞ እንደ ውኃ እየተጠማዘዘ አይገባም፤ ቀጥ ያለ መታጠፊያ ያለው መግቢያ ከሆነ ከመታጠፊያው ወዲያ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዋሻ ገና በቅጹ የመጀመሪያ ዓምድ ላይ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ለቀያሹ የሚቀረው «ስንት ሰው?» የሚለውን መሙላት ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለት ደንቦች ነበሩ። በቂ የአየር ዝውውር ካለ ለአንድ ሰው 10 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም ከአንድ ካሬ ሜትር ትንሽ ያነሰ ወለል ይበቃዋል። ከመሬት በታች ሆኖ የአየር ዝውውር ከሌለ ግን ለአንድ ሰው 500 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 14 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ሃምሳ ሰው የማይይዝ ቦታ አይመዘገብም።

ምሳሌ ልስጥ። ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 20፣ ጣሪያው በአማካይ 5 ሜትር የሆነ አዳራሽ አለ እንበል። በወለል ካሰሉት ከ1,070 በላይ ሰው ይይዛል። በአየር ይዘት ካሰሉት 350 ገደማ ነው። ዋሻው ያው፣ ሜትሩ ያው፣ ቀያሹም ያው፤ ውጤቱ ግን ሦስት እጥፍ ይለያያል። ልዩነቱን የሚወስነው ቀያሹ «አየር ይዘዋወራል» ወይስ «አይዘዋወርም» ብሎ ምልክት ማድረጉ ብቻ ነው። አንድን የቆየ ሰነድ ሳገኝ መጀመሪያ የማየው ያችን ምልክት ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ጉብኝቱ የተደረገበትን ቀን።

ቀኑ ለምን ያስፈልጋል? ዋሻ ስለሚተነፍስ። ሁለት አፍ ያለው ዋሻ፣ አንዱ አፉ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያለ ከሆነ፣ እንደ ጭስ ማውጫ ይሠራል። በክረምት ብርድ ውስጡ ከውጪው ስለሚሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው በታችኛው አፍ ይገባል። በሙቀት ወራት ይገለበጣል፦ የውስጡ ቀዝቃዛ አየር ከብዶ በታችኛው አፍ ይፈስሳል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን የውጪውና የውስጡ ሙቀት የሚተካከልባቸው ሳምንታት አሉ። ያኔ ንፋሱ ቀጥ ይላል። ክብሪት ጭረው ቢያጠፉት ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣና ከራስዎ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያ ጭስ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት ሲቆም ማየት ለእኔ ከየትኛውም መሣሪያ የበለጠ ያስደነግጠኛል።

በደንቡ ለአንድ ሰው በደቂቃ ሦስት ኪዩቢክ ጫማ፣ 85 ሊትር ያህል ንጹሕ አየር ይፈለግ ነበር። ለሺህ ሰው በደቂቃ 85 ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። መግቢያው ሁለት ካሬ ሜትር ስፋት ካለው ንፋሱ በሰከንድ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል መሮጥ አለበት። በብርድ ወር ይህ ይገኛል፤ ፊትዎ ላይ ይሰማዎታል። በጥር የሄደ ቀያሽ ኮቱን እየቆለፈ «ጥሩ ዝውውር» ብሎ ጽፎ ቢመለስ አልዋሸም። ያው ሰው በሚያዝያ ቢሄድ ኖሮ ሌላ ነገር ይጽፍ ነበር። ጦርነት ደግሞ ወር አይመርጥም።

አንድ አፍ ብቻ ያለው ትልቅ ዋሻ አተነፋፈሱ ይለያል፤ የከባቢ አየር ግፊት ሲወርድ ይተነፍሳል፣ ሲጨምር ይስባል። ደቡብ ዳኮታ ያለው ዊንድ ኬቭ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። አፉ ላይ የሚያፏጨው ንፋስ ግን ውስጥ ያለው ጓዳ ሁሉ አየር ያገኛል ማለት አይደለም። ንፋሱ የራሱን መንገድ ይሄዳል፤ ጥግ ላይ የተኛው ሰው አይደርሰውም።

አሁን ያንን 14 ኪዩቢክ ሜትር እንፈትሸው። አርፎ የተቀመጠ ሰው በሰዓት 20 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ቦታው ፍጹም የታሸገ ቢሆን የአየሩ አንድ በመቶ በሰባት ሰዓት፣ ሦስት በመቶ ደግሞ በ21 ሰዓት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሦስት በመቶ ላይ ራስ ምታት አለ፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ሰው ይነጫነጫል። ስለዚህ «ዝውውር ለሌለው» የተባለው ደንብ ራሱ የሆነ ቦታ አየር ሾልኮ ይገባል ብሎ የተማመነ ነው። ያለ ሽልኮታ ያ ደንብ የሚበቃው ለአንድ ቀን እንጂ ለአሥራ አራት ቀን አይደለም። ሕንፃ መቼም ቀዳዳ አያጣም። ዋሻ ግን በጭቃ የተደፈነ ጓዳ ሊኖረው ይችላል።

በነገራችን ላይ ሻማ አብርቶ «ካልጠፋ አየሩ ደህና ነው» የሚለውን የድሮ ዘዴ ይተዉት። ሻማ የሚጠፋው ኦክስጅን ወደ 16 በመቶ ሲወርድ ነው። ሰዎች በተፋፈጉበት ቦታ ኦክስጅኑ እዚያ እስኪደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አራትና አምስት በመቶ አልፎ ሰውን አሳምሞታል። ሻማው ቦግ ብሎ እየነደደ እርስዎ ሊወድቁ ይችላሉ። በ2018 በታይላንዱ ታም ሉዋንግ ዋሻ አሥራ ሁለት ታዳጊዎችና አሠልጣኛቸው ጎርፍ ሲዘጋባቸው፣ የነበሩበት ጓዳ ኦክስጅን 15 በመቶ ደርሶ ነበር። እነሱ አሥራ ሦስት ብቻ ነበሩ።

አየርን ችላ ማለት ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ የ1960ዎቹ ሰዎች ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም ነበር። በሰኔ 5 ቀን 1941 በቻይናዋ ቾንግቺንግ ከአውሮፕላን ድብደባ ሸሽተው በተቆፈረ ዋሻ መንገድ ውስጥ የታጨቁ ሰዎች በመታፈንና በመረጋገጥ አልቀዋል። የሟቾቹ ቁጥር እስካሁን ያከራክራል፤ ዝቅተኛው ግምት እንኳ በመቶዎች ነው። ቦምቡ አልነካቸውም።

ከዚህም የሚቀድም፣ እዚያው አሜሪካ የተደረገ ሙከራ አለ። ጆን ክሮገን የተባለ ሐኪም በ1839 የኬንታኪውን ማሞዝ ዋሻ ገዛ። የዋሻው አየር ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ይሆናል ብሎ አሰበ፤ በ1842 ውስጡ ጎጆዎች አሠርቶ ሕሙማን አስገባ። ሐሳቡን ሲሰሙት ያሳምናል፦ አቧራ የለም፣ ወበቅ የለም፣ ሙቀቱ አይዋዥቅም። የሆነው ግን ሌላ ነው። የማብሰያው እሳትና የመብራቱ ጭስ መውጫ አጥቶ እዚያው ተንሳፈፈ፤ ፀሐይ ያላዩት ሕሙማን ገረጡ፤ የተወሰኑት እዚያው ሞቱ። በ1843 ሙከራው ተቋረጠ። ክሮገን ራሱ በ1849 የሞተው በዚያው በሳንባ ነቀርሳ ነው። ሁለቱ የድንጋይ ጎጆዎች እስከ ዛሬ ቆመዋል። በዚያው በ1842 ደግሞ በክሮገን ባርነት ሥር የነበረው አስጎብኚ ስቴፈን ቢሾፕ የዋሻውን ካርታ በቃሉ ሣለ፤ ካርታው በ1845 ታተመ። ለእኔ የዚያ ዘመን ትልቁ የቅየሳ ሥራ የቢሾፕ ነው፤ ዋሻው ምን እንደሚመስል ከሐኪሙ ይልቅ እሱ ያውቅ ነበር።

ማሞዝ ዋሻ ከ120 ዓመት በኋላ የመጠለያ ስንቅ ከገባባቸው ቦታዎች አንዱ ሆነ። ታሪክ ሲቀልድ እንዲህ ነው።

ስንቁን ካነሳን በርሜሉን ልንገርዎ፤ የጠቅላላውን ዕቅድ ጠባይ የሚያሳይ ዕቃ ነው። 17.5 ጋሎን፣ ማለትም 66 ሊትር ገደማ የሚይዝ የብረት በርሜል፣ ውስጡ ፕላስቲክ ከረጢት ያለው። አንዱ በርሜል ለአምስት ሰው የሁለት ሳምንት ውኃ ተብሎ የተመደበ ነው፤ በቀን ለሰው አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ውኃው ሲያልቅ ባዶው በርሜል መጸዳጃ ይሆናል። ብልኃቱን አደንቃለሁ። ነገር ግን ይህን ዋሻ ውስጥ ያስቡት። ዛሬ ለተፈናቃዮች መጠለያ የሚጠቀሰው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ለሰው በቀን 15 ሊትር ውኃ፣ ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ወለል፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ይላል። የኖራ ድንጋይ ደግሞ ስንጥቅ የበዛበት ነው፤ ውኃ ሳይጣራ ያልፍበታል። ላይኛው ጓዳ የፈሰሰ ቆሻሻ ታችኛው ጓዳ ካለው ምንጭ ውስጥ ይገኛል። «ዋሻው የራሱ ውኃ አለው» የሚል ማስታወሻ ሳይ ደስ የማይለኝ ለዚህ ነው። በብናኝ ጊዜ ደግሞ ያ ውኃ የመጣው ከላይ፣ ብናኙ ካረፈበት መሬት ነው።

ቅዝቃዜውስ? የዋሻ ሙቀት በጥቅሉ ከአካባቢው የዓመት አማካይ ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ማሞዝ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ሲገቡበት ደስ ይላል። እርጥበቱ ግን መቶ በመቶ ይጠጋል። እኔና አራት ባልደረቦቼ እንዲህ ባለ ጓዳ ተቀምጠን ስድስት ሰዓት ሠርተን ስንነሳ ጠብታ ሳይነካን ሱሪያችን ርሶ ነበር። ከእያንዳንዱ ሰው በትንፋሽና በቆዳ በቀን አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይወጣል። 350 ሰው ካለ 300 ሊትር ማለት ነው። ያ ሁሉ ቀዝቃዛው አለት ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። በሦስተኛው ቀን ደረቅ ብርድ ልብስ የለም። በ1938 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ናትናኤል ክላይትማንና ብሩስ ሪቻርድሰን፣ የእንቅልፍን ሥርዓት ለማጥናት በዚሁ ማሞዝ ዋሻ 32 ቀን ኖረዋል፤ ቀኑን 28 ሰዓት አድርገው። ግን ሁለት ነበሩ፣ አልጋ ነበራቸው፣ ምግብም ከውጪ ይገባላቸው ነበር። «ሰው በዋሻ ወር ሊኖር ይችላል» ለማለት ይህንን የሚጠቅስ ሰው ይህችን መርሳት የለበትም።

እንግዲህ ሰው በዋሻ አይኖርም ማለቴ ነው? በፍጹም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በለንደን አቅራቢያ በቺዝልኸርስት እስከ 15,000 ሰው ከድብደባ ተጠልሏል፤ መብራት፣ ሐኪም ቤትና የጸሎት ቦታ ሳይቀር ነበረው። ስሙ ዋሻ ይባል እንጂ ሰው ለኖራና ለባልጩት የቆፈረው ማዕድን ነው፤ ወለሉ ደልዳላ፣ መተላለፊያው በሰው ቁመት የተሠራ። ከዚያም በላይ አብዛኛው ሰው ማታ ገብቶ ጠዋት ይወጣ ነበር። በተፈጥሮ ዋሻ ለረጅም ጊዜ የኖሩትን ማየት ከፈለጉ ወደ ምዕራብ ዩክሬን ይሂዱ። ከናዚዎች የሸሹ የአይሁድ ቤተሰቦች መጀመሪያ ቨርቴባ የተባለ ዋሻ ገቡ፤ ውኃ የለውም፣ ጭሱም መውጫ የለውም ነበር። ከዚያ «የቄሱ ዋሻ» ወደሚባለው የጂፕሰም ዋሻ ተዛወሩ፤ እዚያ ሐይቅ ነበር፣ አየርም ነበር። 38 ሰዎች 344 ቀን ከመሬት በታች ቆይተው በ1944 የጸደይ ወራት ወጡ። የመረጡት ዋሻ በስፋቱ አይደለም የተመረጠው፤ ውኃና አየር ስላለው ነው። ሰዎቹም በአብዛኛው ተኝተው ነበር የሚውሉት፤ የተኛ ሰው ጥቂት ይተነፍሳል፣ ጥቂት ይበላል። ግዙፍ በሆነው በዚያ ዋሻ ውስጥ በሕይወት የቆዩት 38 ናቸው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ማለትም 38 ሰውና 344 ቀን አብረው ስለሚሄዱ ትርጉም አላቸው። «1,070 ሰው» ብቻውን ትርጉም የለውም።

ወደ ምሳሌው አዳራሽ ልመለስ። ሺህ ካሬ ሜትር ወለል አለን ብለናል። ከዚህ ውስጥ ናዳ የተከመረበትን፣ ያዘቀዘቀውን፣ ጭቃውን፣ ጠብታ የሚወርድበትንና መተላለፊያውን ይቀንሱ። በተፈጥሮ ዋሻ ሲሶው ደረቅና ደልዳላ ሆኖ ከቀረ ደስ ይለኛል። ለሰው 3.5 ካሬ ሜትር ብንሰጥ 95 ሰው። አሁንም ስለ አየር ገና አላወራንም። መግባቱም አለ፦ የመግቢያው ጠባብ ቦታ እያስጎነበሰ አንድ ሰው በአሥር ሰከንድ ካሳለፈ፣ ሺህ ሰው ለመግባት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። አረጋውያንን፣ ሕፃናትንና የሚሸከሙትን ዕቃ ሳንቆጥር።

በዚያ ዘመን መዝገብ ውስጥ ብዙም ቦታ ያላገኙት ነገሮች ደግሞ ሕያዋኑ ናቸው። የሌሊት ወፍ ኩስ በደረቀበት ዋሻ ሲረገጥ የሚነሳው አቧራ ሂስቶፕላዝሞሲስ የሚባል የሳንባ ሕመም የሚያመጣ ፈንገስ ሊይዝ ይችላል። በመካከለኛው ምሥራቅና በመካከለኛው እስያ ዋሻዎች ወለል ውስጥ የሚደበቅ ለስላሳ መዥገር ግርሻ የሚባለውን እየተመላለሰ የሚነሳ ትኩሳት ያስተላልፋል። በኬንያው ኪቱም ዋሻ በ1980ና በ1987 ጎብኝተው የወጡ ሰዎች ማርበርግ የሚባለው ገዳይ ቫይረስ ይዟቸው ሞተዋል። ከአለት የሚወጣው ራዲዮአክቲቭ የሆነው ሬደን ጋዝም አለ፤ ብዙ የሚያወሩለት እሱን ነው፣ ለሁለት ሳምንት መጠለያ ግን የመጨረሻው ጭንቀቴ ነው። ዓመት ከዓመት ዋሻ ውስጥ የሚሠራ አስጎብኚ ይጨነቅበት።

ቀያሾቹን እየወቀስኩ አይደለም። ኮምፓስና ሜትር ይዞ፣ በአንድ ቀን፣ በተሰጠው ቅጽ ላይ የተጠየቀውን የሞላ ሰው ሥራውን ሠርቷል። ብዙዎቹ ልኬቶች ዛሬም ስንደግማቸው ትክክል ናቸው። ችግሩ የሕንፃ ምድር ቤት የተለካበት ሚዛን እንዳለ ዋሻ ላይ መጫኑ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ እርስዎ ከምን ይጀምሩ? ሜትር ሳይዘረጉ በፊት መብራትዎን ወደ ላይ ያብሩ፤ ጣሪያውንና የግድግዳውን የላይኛውን ክፍል ቀስ ብለው ይመልከቱ። ሁሉም ሰው ወለል ነው የሚያየው። በጣሪያው ስንጥቅ የተሰካ ጭራሮ፣ ከራስዎ በላይ ባለ እርከን ላይ የተጋደመ ደለል፣ ግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ የሄደ የጭቃ መስመር ይፈልጉ። ውኃ የት ድረስ እንደሚሞላ የሚነግሩዎት እነሱ ናቸው። ቅጠሉ ገና አረንጓዴነቱ ካልጠፋ በቅርቡ ነው የመጣው። እንዲህ ካዩ አየሩንም፣ ወለሉንም፣ መግቢያውንም መለካት አያስፈልግም፤ «ይሞላል» ብለው ይጻፉና ይውጡ።